ስክሪኑ የማያውቀውንም ይናገር፦ የሩቅ ሳይቶች መከታተያ ማሳያ እንዴት ይነደፋል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2010 ምሽት ላይ፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ማርሻል በምትባል ከተማ አቅራቢያ የኤንብሪጅ ኩባንያ የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ተሰነጠቀ። ቧንቧውን የሚቆጣጠሩት ኦፕሬተሮች የተቀመጡት ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ በካናዳዋ ኤድመንተን ነበር። አላርሞች ጮኸዋል፤ የግፊቱ መውረድም በስክሪን ታይቷል። ኦፕሬተሮቹ ግን ነገሩን በቧንቧው ውስጥ የተፈጠረ ባዶ ክፍተት አድርገው ቆጠሩትና መስመሩን ሁለት ጊዜ መልሰው አስነሱት። ነዳጁ እየፈሰሰ መሆኑ የታወቀው ከ17 ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ያወቀውም የቁጥጥር ክፍሉ አይደለም፤ በአካባቢው የነበረ የሌላ ድርጅት ሠራተኛ አይቶ በስልክ ነገራቸው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ የቧንቧውን አያያዝ፣ የኦፕሬተሮቹን ሥልጠናና የቁጥጥር ክፍሉን አሠራር ጭምር ወቅሷል። ጥፋቱ የስክሪን ብቻ አልነበረም። ቢሆንም አደጋው ከሩቅ ሆኖ መቆጣጠር የት ላይ እንደሚከብድ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፦ ቁጥሮቹ ደርሰው ነበር፤ ትርጉማቸው ግን አልደረሰም።

የቴሌኮም ማማ፣ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የነዳጅ መስመር፤ እነዚህ ሁሉ ሰው በሌለበት ወይም አንድ ጥበቃ ብቻ በሚያድርበት ቦታ ይሠራሉ። ኃላፊነቱ ያለበት ተረኛ ሠራተኛ ከተማ ተቀምጦ በስክሪን ይከታተላቸዋል። ዕቃውን የሚሸጡት ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን ማሳያ አብረው ያቀርባሉ። ጀነሬተሩ አንድ፣ ባትሪው ሌላ፣ ፓምፑ ሦስተኛ ማሳያ ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱ የተሠራው ግን ለዕቃው እንጂ ለተረኛው አይደለም። ተረኛው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚያነሳውን ጥያቄ አንዳቸውም ብቻቸውን አይመልሱለትም። ብዙ ድርጅቶች ለራሳቸው ሥራ የሚስማማ ማሳያ የሚያሠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

መረጃው ከሳይት እስከ ስክሪን

ማሳያ ከመንደፍ በፊት የሚታየው ነገር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይበጃል። ከሳይቱ የሚላከው መረጃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አዎ ወይም አይደለም የሚል ነው፦ በሩ ተከፍቷል? መብራት አለ? ጀነሬተሩ ተነስቷል? ሁለተኛው ልክ ያለው ነው፦ የባትሪው ቮልት፣ የክፍሉ ሙቀት፣ በታንከሩ የቀረው ናፍጣ፣ በማጠራቀሚያው ያለው የውሃ ከፍታ። ይህን ሁሉ በሙያው ቋንቋ አርቲዩ የሚባል ሳጥን ይሰበስብና በፋይበር፣ በማይክሮዌቭ፣ በሞባይል ኔትወርክ ወይም በሳተላይት ወደ ማዕከል ይልካል። መሣሪያዎቹ የሚግባቡባቸው ደንቦች የቆዩ ናቸው። በፋብሪካና በውሃ ሥራ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሞድበስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ በኔትወርክ ዓለም የታወቀው ኤስኤንኤምፒም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ።

ከነዚህ የቆዩ አሠራሮች አንዱ ለማሳያ ነዳፊ ትልቅ ትምህርት ይዟል። ብዙ ሴንሰሮች ልካቸውን የሚልኩት ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር በሆነ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ታንከሩ ባዶ ሲሆን 4፣ ሲሞላ 20 ይልካሉ። ከዜሮ ያልጀመሩት ሽቦ ሲቆረጥ የሚመጣው ዜሮ ስለሆነ ነው። ዜሮ ከመጣ ተቀባዩ «ታንከሩ ባዶ ነው» ብሎ አይደመድምም፤ ከሴንሰሩ ጋር ያለው ግንኙነት መበላሸቱን ያውቃል። ባዶ መሆን ሌላ ነው፤ አለማወቅ ሌላ ነው።

ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ስክሪኑ ላይ ሲደርስ ነው። ከሳይቱ ጋር የነበረው ግንኙነት ሲቋረጥ ደካማ ማሳያ በመጨረሻ የደረሰውን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ሳይቱ ከተቆረጠ ሦስት ሰዓት ሆኖት እንኳ «ናፍጣ 62 በመቶ» እያለ ይታያል። ስለዚህ በንድፉ ውስጥ መጀመሪያ የሚጻፈው ሕግ ይህ ይሁን፦ ማንኛውም ቁጥር ዕድሜው አብሮት ይታይ። መረጃው ካረጀ ይደብዝዝ፤ አጠገቡም «ከ3 ሰዓት በፊት» የሚል ይጻፍበት። ሴንሰሩ ከተበላሸ ቁጥሩ ጨርሶ ይነሳና «አይታወቅም» ይባል። ስክሪኑ የማያውቀውን እንደሚያውቅ ካስመሰለ ተረኛውን አታልሎታል።

ታዟል ማለት ሆኗል ማለት አይደለም

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ የሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ከባድ አደጋ ደረሰበት። ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ከተከፈተ በኋላ ተመልሶ መዘጋት ሲገባው ተጣብቆ ቀረ። በሰሌዳው ላይ የነበረው አመልካች መብራት ግን ጠፋ፤ ኦፕሬተሮቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቱ ያሳይ የነበረው የመዝጊያው ትእዛዝ መሄዱን ነበር፤ የቫልቩን ትክክለኛ አቋም የሚነግር አመልካች በቦታው አልነበረም። የማቀዝቀዣው ውሃ ከሁለት ሰዓት በላይ በዚያ ቀዳዳ ሲወጣ ቆየ።

በአንድ የገጠር ከተማ የውሃ ፓምፕ ላይም ይኸው ስህተት በቀላሉ ይደገማል። ኦፕሬተሩ «አስነሳ» የሚለውን ሲጫን ሥዕሉ ወዲያው ወደ «እየሠራ ነው» ከተለወጠ ማሳያው የኦፕሬተሩን ፍላጎት መልሶ እያሳየው ነው። መታየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ትእዛዙ ተልኳል፤ ሞተሩ ኤሌክትሪክ መሳብ ጀምሯል፤ ውሃው በቧንቧው እየሄደ ነው። የመጀመሪያው ከኮምፒውተሩ፣ ሁለተኛው ከሞተሩ፣ ሦስተኛው ከፍሰት መለኪያው ይመጣል። ሞተሩ እየዞረ ውሃ የማይገፋ ፓምፕ የሚያዘው ሦስቱ ተለይተው ሲታዩ ብቻ ነው።

ንድፉ የሚጀምረው ከጥያቄው ነው

ብዙዎች ማሳያ ሲነድፉ የሚጀምሩት ያላቸውን መረጃ ሁሉ በመዘርዘር ነው። ከአንድ ሳይት ስልሳ ዓይነት መረጃ ከመጣ ስልሳውንም ስክሪን ላይ ያሰፍሩታል። የሚሻለው መንገድ ተረኛው መወሰን ያለበትን ነገር መዘርዘር ነው።

የቴሌኮም ማማን እንውሰድ። መብራት ሄዷል፤ ጀነሬተሩ አልተነሳም፤ ሳይቱ በባትሪ ላይ ነው። ማሳያው «49.6 ቮልት» ይላል። የቴሌኮም መሣሪያዎች የሚሠሩበት የ48 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ሲቆይ 54 ገደማ ላይ ይሆናል፤ ወደ 43 ሲጠጋ ባትሪው እንዳይበላሽ ብዙ ጊዜ በራሱ እንዲቆርጥ ይደረጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ያነበዋል፤ ትናንት ሥራ የጀመረ ተረኛ ግን ምን ይበል? እሱን ያስጨነቀው፦ ሳይቱ መቼ ይጠፋል? ቴክኒሻን አሁን ልላክ ወይስ እስኪነጋ ይቆያል? ይህ ሳይት ቢወድቅ አብረውት የሚወድቁት የትኞቹ ናቸው?

ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይቁም። የሚፈቀደው ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ ከጎኑ ይሠመር፤ ያለፉት ሰዓታት አካሄዱ በትንሽ መስመር ይታይ፤ ከባትሪው መጠንና ከሚሳበው ኤሌክትሪክ የተሰላ ግምት «4 ሰዓት ገደማ ይቀረዋል» ተብሎ ይጻፍ፤ ግምት መሆኑም ይገለጽ። ናፍጣውም እንዲሁ ነው። 120 ሊትር የቀረው ጀነሬተር በሰዓት 3 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ 40 ሰዓት አለው። መኪናው እዚያ ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ከሆነ ተረኛው ሂሳቡን በራሱ ይጨርሰዋል።

ልዩ ማሳያ ማሠራት በይበልጥ የሚጠቅመውም ከተለያየ ዕቃ የመጣን መረጃ ማጋጠም ሲቻል ነው። ጀነሬተሩ ሳይነሳ ናፍጣው በአንድ ሌሊት ከወረደ ወይ ታንከሩ ያፈሳል ወይ ሌባ ገብቷል። የጀነሬተሩ ማሳያ ብቻውን፣ የታንከሩ ማሳያም ብቻውን ይህን አይናገሩም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመጡ ግን ነገሩ ይገለጣል።

መረጃን አለማጋጠም የሚያስከፍለው ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ በነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታ ታይቷል። በዚያ አደጋ 15 ሰዎች ሞቱ፤ 180 ቆሰሉ። ወደ ማጣሪያው ማማ የሚገባው ፈሳሽ በአንድ ስክሪን፣ የሚወጣው በሌላ ስክሪን ነበር የሚታየው። የፈሳሹን ከፍታ የሚለካው መሣሪያ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ለሰዓታት ሲገባ ምንም ያህል አለመውጣቱን በአንድ እይታ የሚያሳይ ቦታ አልነበረም። የውሃ አገልግሎት ማሳያ የሚሠራ ሰውም ወደ ማጠራቀሚያው የገባውንና ወደ ከተማው የወጣውን በአንድ ገጽ፣ ጎን ለጎን ያድርጋቸው።

ከሰፊው ወደ ጠባቡ

በኢንዱስትሪ ማሳያዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አይኤስኤ 101 የተባለ ደረጃ መግለጫ ማሳያዎች በደረጃ እንዲደራጁ ይመክራል። ለሩቅ ሳይቶች ሲመነዘር፦ አንደኛው ገጽ የሁሉንም ሳይቶች ሁኔታ በአንድ እይታ ያሳያል፤ ሁለተኛው የአንድ አካባቢን ወይም የአንድ መስመርን፤ ሦስተኛው የአንድ ሳይትን፤ አራተኛው ጥገና ላይ ላለ ሰው የአንድ ዕቃን ዝርዝር። ተረኛው ውሎውን የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ነው። ችግር ያለበትን ሳይት ነክቶ ወደ ውስጥ ሲገባም የት እንዳለና እንዴት እንደሚመለስ መጥፋት የለበትም።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ ካርታ ማድረግ ሁሉንም ያጓጓል። ካርታ ግን ቦታ ይፈጃል፤ በከተማ ያሉት ነጥቦች ይደራረባሉ፣ ሰፊው ገጠር ባዶውን ይቀራል። ካርታ የሚጠቅመው የቦታ ጥያቄ ሲኖር ነው፦ የጠፉት አምስት ሳይቶች በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ናቸው? ቅርብ ያለው ቴክኒሻን ማን ነው? ከዚያ ውጭ የባሰበት ከላይ የሚወጣበት ተራ ዝርዝር ይበልጠዋል። ፎቶግራፍና የክፍል ፕላንም ቦታቸው በሦስተኛው ደረጃ ነው። ሳይቱን አይቶ የማያውቅ ቴክኒሻን የትኛው ካቢኔ የት እንደቆመ በስልኩ ካየ ሲደርስ አይደናገርም።

ቀለም ይቆጠብ

የድሮ ማሳያዎች ጥቁር ሜዳ ላይ የሚያብረቀርቁ አረንጓዴ ፓምፖች፣ ሰማያዊ ቧንቧዎችና የሚሽከረከሩ ሥዕሎች ይበዙባቸው ነበር። ለጎብኚ ያምራሉ፤ ተረኛውን ግን ያደክማሉ። ዛሬ በሙያው በሰፊው የሚመከረው ሜዳው ቀላል ግራጫ እንዲሆን፣ ደህና የሆነው ነገር ሁሉ በግራጫ ደረጃዎች እንዲሣል፣ ቀለም ለተበላሸው ብቻ እንዲቀመጥ ነው። በመቶ ግራጫ ምልክቶች መካከል አንድ ቀይ ካለ ዓይን ሳይፈልገው ያገኘዋል።

የቀለም ትርጉምም ከሙያ ሙያ ይለያያል። በሰሜን አሜሪካ የኤሌክትሪክ ሥራ ቀይ ማለት ማብሪያው ተዘግቶ ኃይል እያለፈ ነው፤ አረንጓዴ ደግሞ ተከፍቷል፣ ኃይል የለም ማለት ነው። ከመንገድ መብራት ጋር ተቃራኒ መሆኑ ነው። ከኤሌክትሪክና ከውሃ ክፍል የመጡ ሠራተኞች አንድ ስክሪን ሲጋሩ ይህ በጽሑፍ ካልተወሰነ ጠንቅ ይሆናል። ከዚህም ሌላ የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴን መለየት ይቸግራቸዋል፤ በሌላውም ሕዝብ ዘንድ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ቀለም ብቻውን አይናገር፤ ቅርጽና ቁጥርም ያግዘው። ለምሳሌ አንደኛ ደረጃ አደጋ ቀይ፣ ሦስት ማዕዘንና «1» የተጻፈበት ይሁን።

አላርም ሲበዛ፣ አላርም ሲጠፋ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1994 በዌልስ ሚልፎርድ ሄቨን በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታ ሲደርስ፣ ከፍንዳታው በፊት በነበሩት 11 ያህል ደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ኦፕሬተሮች 275 አላርሞች ወርደውባቸው ነበር። አብዛኞቹ አላርሞች አስቀድሞ «ከፍተኛ» ተብለው ተመድበው ስለነበር አስቸኳዩን ከተራው መለየት አልተቻለም። ኢኢኤምዩኤ 191 የተባለው የእንግሊዝ መመሪያ ለአንድ ኦፕሬተር በረጅም ጊዜ አማካይ በ10 ደቂቃ ከአንድ አላርም ያልበለጠ እንዲሆን ይመክራል። በ10 ደቂቃ ከ10 በላይ ከመጡ ደግሞ በሙያው ጎርፍ ይባላል።

መፍትሔው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሲጮህ ተረኛው ምን ያደርጋል? መልስ ከሌለው አላርም አይደለም፤ መዝገብ ላይ ብቻ ይግባ። መብራት ሲሄድ ከአንድ ሳይት ስድስት መልእክት ሊመጣ ይችላል፦ መብራት ጠፋ፣ ባትሪ መሙያው ቆመ፣ ባትሪው እየወረደ ነው፣ ማቀዝቀዣው ቆመ፣ ሙቀቱ ጨመረ፣ ጀነሬተሩ ተነሳ። ማሳያው እነዚህን «መብራት ሄዷል፤ ጀነሬተር ተረክቧል» በሚል አንድ መስመር ስር ይሰብስባቸው። በየደቂቃው የሚበራና የሚጠፋ ምልክት ደግሞ ጥቂት ሰኮንዶች ሳይቀየር ካልቆየ አላርም እንዳይሆን ይደረግ።

ተቃራኒው አደጋም አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በአሜሪካና በካናዳ ወደ 50 ሚሊዮን ሰዎች መብራት ሲያጡ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በኦሃዮ የነበረው የፈርስትኢነርጂ ኩባንያ የአላርም ሶፍትዌር ድምፁን አጥፍቶ መቆሙ ነበር። ኦፕሬተሮቹ ከአንድ ሰዓት በላይ አላወቁም። አላርም ስላልመጣ መረባቸው ደህና መሰላቸው። ዝም ያለ ሁሉ ሰላም አይደለምና ማሳያው ራሱ በሕይወት መኖሩን ያለማቋረጥ የሚያሳይ ምልክት ያስፈልገዋል፦ መጨረሻ መረጃ የተቀበለበት ሰዓት፣ ከስንት ሳይቶች ስንቱ እየመለሱ እንደሆነ። እነዚህ ካቆሙ የሚጮኸው ሌላ፣ ከዋናው ተለይቶ የቆመ መሣሪያ መሆን አለበት።

ሰዓት፣ ስምና ፊደል

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ማሳያ ከውጭ የመጣ መመሪያ የማያነሳው ጉዳይ አለ። ኮምፒውተሩ 02:14 ብሎ የመዘገበውን ክስተት የሳይቱ ጥበቃ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ገደማ» ይለዋል። የመስክ ሳጥኑ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በመዝገቡ ላይ 23:14 ሆኖ በትናንትናው ቀን ይገኛል። አንድ ክስተት ሦስት ሰዓት ያዘ ማለት ነው። ተረኛው በደብተሩ «2፡14» ብሎ ከጻፈ ሌላው ጠዋት ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል። መፍትሔው ከውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ መያዝ፣ የሁሉንም ሳጥኖች ሰዓት ከማዕከል ማስተካከል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ሁለቱንም መጻፍ ነው፦ 02:14፣ ከሌሊቱ 8፡14። ለቀኑም እንዲሁ የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር አብረው ይቀመጡ።

የሳይት ስምም ያሳስታል። አንዱ ቦታ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ በአማርኛም «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ለእያንዳንዱ ሳይት የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ መፈለጊያውም ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ይቁጠር። የፊደል መጠንም አይናቅ። ቡ እና ቢ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ነው፤ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ስክሪን ከሩቅ ሲነበብ ያቺ ጭረት ትጠፋለች።

መሥራትና መፈተን

መሣሪያ አይጠፋም። ነፃ ከሆኑት መካከል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለው ዛቢክስ ሳይቶችን ይከታተላል፣ በ2014 የወጣው ግራፋና የጊዜ ግራፎችን ይሠራል፣ በአይቢኤም የተጀመረው ኖድ-ሬድ ደግሞ ከተለያየ ዕቃ የሚመጣን መረጃ ያገናኛል። የትኛውም ቢመረጥ የመጀመሪያው ንድፍ በወረቀትና በእርሳስ ቢሆን ይሻላል፤ ወረቀት ላይ ያለን ነገር ማንም «ይህ አይጠቅመኝም» ለማለት አያፍርም።

አንድ ጥንቃቄ ሳይረሳ። ማየት የሚያስችል ማሳያና ማዘዝ የሚያስችል ማሳያ ይለያዩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዲሴምበር በዩክሬን ሰርጎ ገቦች የኤሌክትሪክ ድርጅቶችን ኮምፒውተር ይዘው ማብሪያዎቹን ከሩቅ ሲያጠፉ፣ ኦፕሬተሮች በስክሪናቸው ላይ ማውሱ በራሱ ሲንቀሳቀስ አይተዋል፤ 225 ሺህ ያህል ደንበኞችም መብራት አጥተዋል። ሥራ አስኪያጁ በስልኩ የሚያየው ገጽ ፓምፕ ማስነሳት መቻል የለበትም።

ፈተናውም ቀላል ነው። ከዚህ በፊት የደረሰን እውነተኛ ብልሽት መረጃውን ከመዝገብ አውጥቶ በአዲሱ ማሳያ ላይ እንደገና ማጫወት፤ በንድፉ ያልተሳተፈ ተረኛ አስቀምጦም ጥቂት ሰኮንዶች ካየ በኋላ «መጀመሪያ የትኛው ሳይት ነው የሚያሳስብህ? ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቅ። ከተንተባተበ የሚታረመው ገጹ ነው።

ማሳያው ሥራ ከጀመረ በኋላም በየወሩ ተረኞቹን ሰብስቦ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል። የትኛው አላርም ነው ጮኾ ማንም ምንም ያላደረገበት? እሱ ይነሳ። ለየትኛው ጥያቄ ነው ስክሪኑን ትታችሁ ወደ ሳይቱ ጥበቃ ስልክ የደወላችሁት? የሚቀጥለው ሴንሰር የሚገዛውና የሚቀጥለው መስመር ስክሪኑ ላይ የሚጨመረው ለእሱ ነው።